400 ዶሮ በ20 ካሬ ሜትር

ከቢሾፍቱ የጻፉልን አርቢ፣ በሽቦ መስኮት ብቻ አየር በሚያገኝ የ20 ካሬ ሜትር ክፍል 400 የሥጋ ዶሮ እንደሚያረቡ፣ በ35ኛው ቀን አማካይ ክብደታቸው ከ1.3 ኪሎ እንዳላለፈና ቤቱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ እንዳለው ገልጸዋል። በአንድ ኩንታል መኖ 3 ኪሎ የጥቁር አዝሙድና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ቢቀላቅሉም ለውጥ ስላላዩ፣ መጠኑን ይጨምሩ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይጨምሩ። በአንድ ካሬ ሜትር 20 ዶሮ አለዎት፤ እያንዳንዱ 2 ኪሎ ቢደርስ ወለሉ በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ መነሻው ጣሪያ 33 ኪሎ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚፈቅደው ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና አሞኒያውን መቆጣጠር ለሚችል ቤት ነው። የእርስዎን ለመሰለ ቤት በካሬ ሜትር 10 ዶሮ ይበቃል።

መጨናነቁ ጉዳት የሚያደርሰው በብዙ መንገድ ነው። ኩሱ ጉዝጓዙን ያረጥበዋል፣ በርጥበቱ የሚራቡት ባክቴሪያዎች አሞኒያ ይፈጥራሉ፣ አሞኒያውም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል፤ እግራቸው ሥር ይቆስላል፤ አንዱ የሌላውን ሙቀት ስለሚጋራ መኖ ይቀንሳሉ፤ ደካሞቹም መመገቢያው ጋ አይደርሱም። ሽታውን ቆመው ሳይሆን በዶሮዎቹ ቁመት ቁጢጥ ብለው ያሽትቱት። ጉዝጓዙን በእጅዎ ይጨብጡ፤ ሲለቁት እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧልና ያንን ክፍል አውጥተው ደረቅ ሰጋቱራ ይተኩ። ከበድ ያሉትን ቀድመው ይሽጡ፤ ለቀጣዩ ዙር 200 ጫጩት ብቻ ያስገቡ።

ወደ ቅመሙ ስመለስ፣ 3 ኪሎ እጅግ ብዙ ነው፤ ጠረኑ መኖውን ሊያስጠላ፣ የተመጣጠነውንም ፕሮቲንና ኃይል ሊያሳሳ ይችላል። በኩንታል ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ፣ በጥላ የደረቀና የላመ ሆኖ ይበቃል። በዚህ መጠን የተደረጉ ሙከራዎች ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ የክብደት ጭማሪ ሲያሳይ ሌላው ምንም አላሳየም። ስለዚህ በቀጣዩ ዙር ቤቱን በሽቦ ለሁለት ከፍለው በእኩል ቁጥር ያስገቡ፣ ለአንዱ ወገን ብቻ ቅመም ይስጡ፣ በየሳምንቱም የበሉትንና ክብደታቸውን ይመዝግቡ። ኩሳቸው ደም ከቀላቀለ ግን ነጭ ሽንኩርት አያድናቸውም፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።