«ልማዴ ቀን አጣ፤ ቆብ ልድፋ ወይ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? 47 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ሥጋ ወደሙ እንቀበላለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ የወር አበባዬ ቀን አጣ። ሁለት ወር ይጠፋና ሲመጣ 10 ቀን ይቆያል። ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ድንገት ሙቀት ከደረቴ ይነሳና ፊቴን ያነደዋል፤ ነጠላዬ በላብ ይርሳል። አንዷ ጎረቤቴ «መንፈስ ነው፣ ጠበል ግቢ» ትለኛለች። ሌላዋ «አረጥሽ እኮ፣ ቆብ ድፊ» አለችኝ። ሰውነቴ የኔ አልመስል አለኝ። ባለቤቴንም አፍሬ ሸሸሁት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሙቀቱ እንጀምር። እኔ ይህን በቤቴ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ በነሐሴ ብርድ መስኮት ስትከፍት፣ እኔ ጋቢ ስደርብ ከርመናል። በዚህ ዕድሜ የሴት ሆርሞን ከፍ ዝቅ ይላል። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሆድ መባሱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ጠበል መጠመቅ መልካም ነው፤ ለተፈጥሮ ሁሉ ግን የሰይጣን ስም አንስጠው። ቅዳሴ ላይ አየር የሚያገኙበት ቦታ ይቁሙ፤ ሲብስብዎ ይቀመጡ። የደከመው ቢቀመጥ ነውር የለውም።

ደግሞም ገና አላረጡም። አረጠች የሚባለው 12 ወር ሙሉ ደም ሳይታይ ሲያልፍ ነው። እስከዚያ መፀነስም አለ። ጎረቤትዎ ቆብ ስትሰፋልዎ እርስዎ አራተኛውን እንዳያስከትሉ!

ወደ ቁርባኑ ልምጣ። በሥርዓታችን ሴት ደም እየፈሰሳት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም፤ በቅጽሩ ሆና ታስቀድሳለች። ይህ ግን የኃጢአት ቅጣት አይደለም። ነስር የጣለውም ወንድ ያን ቀን አይቆርብም፤ ማንም ኃጢአተኛ አይለውም። የእርስዎ ችግር ቀኑ አለመታወቁ ነው። 7 ቀን ሞላ ብለው ደሙ ሳይቆም አይግቡ። ሲቆም ደግሞ «ነገ ቢመጣስ» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ከቁርባን አይራቁ። ደሙ የቆመ ዕለት ለንስሐ አባትዎ ይደውሉና ቀን ይያዙ። እንዴት እነግራቸዋለሁ ካሉ «ልማዴ ቀን አጣብኝ» ይበቃል። «ልማድ» የሚለው ቃል የመጽሐፍ ነው፤ ዘፍጥረት 18፥11 ላይ ስለ ሣራ የተጻፈው በዚሁ ቃል ነው።

12 ዓመት ደም የፈሰሳትን ሴት ያስቧት። ጌታ ልብሱን በመንካቷ አልተጸየፋትም፤ «ልጄ ሆይ» አላት። አንዳንድ ሰው ባለ መድኃኒቶች እንዳሠቃዩዋት ጠቅሶ ሐኪም ቤት አልሄድም ይላል። ይህን አልቀበልም። 10 ቀን የሚቆይ ደም ደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል። ከበስተጀርባው የማህፀን ዕጢም ሊኖር ይችላል። የማህፀን ሐኪም ይዩ። ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነማ ቀጠሮ አይጠብቁ። ካረጡ በኋላም ጠብታ እንኳ ቢያዩ ዝም አይበሉ። ሐኪሙ የብረት ክኒን ካዘዘ በጾምም ይውሰዱት፤ ከምግብ ጋር ውሰጂ ካለዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ምስርና ጎመኑን ከበሉ በኋላ ሻዩን ትንሽ ያቆዩት፤ ብረቱ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል።

ቆቡን በተመለከተ፣ በኛ አገር የማረጥ ምስክር ወረቀት አስመሰልነው። ምንኩስና ጥሪ ነው፤ የሆርሞን ነገር አይደለም። ነቢይት ሐና ከመቅደስ አልተለየችም፤ እሷ ግን ባሏ የሞተባት ነበረች። የእርስዎ ባል ቤት ተቀምጧል። ሐዋርያው ባልና ሚስት እርስ በርስ እንዳይከላከሉ፣ ለጸሎት እንኳ ቢለያዩ ተስማምተው ለጊዜው ብቻ እንዲሆን አዟል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5። እርስዎ ግን ሳይነግሩት ሸሹት። ምን የሚያስብ ይመስልዎታል? «ጠላችኝ» ነው የሚለው። ግንኙነቱ እያመመዎት ከሆነም በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ለሐኪሙ ይንገሩት፣ መድኃኒት አለው።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለባለቤትዎ ይንገሩት። ሐኪም ቤትም አብሮዎት ይሂድ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ብቻዎን አይቀመጡ።