234.5.0.0 የሚባል ደንበኛ የለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። አጎቴ መናኸሪያው አካባቢ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለው። የሚገዛው ወርኃዊ ጥቅል ሳይታሰብ ያልቅበታል። ማን እንደሚጨርሰው ለማወቅ ትንሽ የኢቢፒኤፍ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት በሆነው በከርነል ውስጥ ገብቶ የሚሠራ። ከርነል ውስጥ ያለው ክፍል የእያንዳንዱን ፓኬት ርዝመት፣ የላኪውን አይፒ አድራሻና የመድረሻ ፖርቱን በሪንግ በፈር (መልእክት በሚያቀባብል የጋራ ሜሞሪ) ይልካል። ዩዘርስፔስ (ከከርነሉ ውጭ) ያለው በሲ የተጻፈው ክፍል ደግሞ ተቀብሎ ያትማል። ላፕቶፔ ላይ ያለ እንከን ይሠራል። ቤቱ ውስጥ ሌት ተቀን የሚቆየው ግን ራስበሪ ፓይ 4 ነው፣ መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ ስለሚያድር። እሱ ላይ ስጭነው ርዝመቱ ሁሌም 0፣ ፖርቱም 0 ይላል። አድራሻዎቹ ደግሞ 234.5.0.0፣ 66.0.0.0፣ 60.0.0.0 እያሉ ይወርዳሉ። ጓደኛዬ “የባይት ቅደም ተከተል ነው፣ ሁሉንም ገልብጠው” አለኝ። ገለበጥኩት፣ ባሰበት። 32 ቢት ይሆን እንዴ ብዬ በዩኔም ትእዛዝ ብጠይቀው ኤአርች64፣ ማለትም 64 ቢት አርም፣ አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ያገሬ ልጅ፣ መልሱን ራስህ ጽፈህ ልከህልኛል። 234.5.0.0 አድራሻ አይደለም፣ ርዝመት ነው። 5ን በ256 አባዛና 234 ጨምርበት። 1514 ይመጣል። ይኸ ሙሉ የኢተርኔት ፓኬት ነው፦ 1500 ባይት ጭነት፣ 14 ባይት የኢተርኔት ሄደር። 60 ደግሞ ትንሹ የኢተርኔት ፓኬት ነው። እና አጎትህ ቤት 60.0.0.0 የሚባል ሰው አልገባም። የገባው 60 ባይት ነው።

ርዝመቱ አድራሻው ወንበር ላይ ምን ያስቀምጠዋል? ስትራክትህን (መረጃዎቹ በተርታ የሚሰደሩበትን ቅርጽ) አልላክህልኝም፣ ግን ውጤቱን አይቼ ልጻፍልህ። መጀመሪያ የኢንተርፌሱ (ፓኬቱ ያለፈበት የኔትወርክ መስመር) ቁጥር በ32 ቢት አለ። ቀጥሎ ርዝመቱን “አንሳይንድ ሎንግ” ብለኸዋል። ከዚያ አድራሻው በ32 ቢት፣ መጨረሻ ላይ ፖርቱ በ16 ቢት። አንዱን ሄደር ፋይል ደግሞ ሁለቱም ክፍሎች ይጠሩታል። ልክ ነኝ?

ችግሩ “ሎንግ” ላይ ነው። ኢቢፒኤፍ የራሱ ማሽን ነው፣ ሁሌም 64 ቢት። ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ጫንኸው አርም ላይ፣ ለእሱ ሎንግ 8 ባይት ነው። 8 ባይት የሆነ ነገር ደግሞ በ8 በሚካፈል ቦታ ላይ መቀመጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ከርነሉ የሚልከው እንዲህ ተሰድሮ ነው፦ ከ0 ጀምሮ የኢንተርፌሱ ቁጥር፣ 4 ባዶ ባይት፣ ከ8 ጀምሮ ርዝመቱ፣ ከ16 አድራሻው፣ ከ20 ፖርቱ፣ 2 ባዶ ባይት። በጠቅላላው 24።

ተቀባዩ ፕሮግራም 32 ቢት ከሆነ ግን ለእሱ ሎንግ 4 ባይት ነው። ርዝመቱን ከ4 ያነባል፣ እዚያ ያለው ባዶው ቦታ ነውና 0። አድራሻውን ከ8 ያነባል፣ እዚያ ያለው የርዝመቱ ታችኛው ግማሽ ነው። ፖርቱን ከ12 ያነባል፣ የርዝመቱ ላይኛው ግማሽ ጋ። 4 ጊጋ የሚሞላ ፓኬት ስለሌለ እሱም 0። ሻጩ በትልቅ ቁና ሰፍሮ ገዥው በትንሽ ቁና ሲቆጥር ማለት ነው። እርግጠኛ ለመሆን የኢንተርፌሱን ቁጥር እይ። እሱ ብቻ ትክክል ሆኖ ታገኘዋለህ።

“ዩኔም ግን ኤአርች64 ብሎኛል” ትለኝ ይሆናል። ዩኔም የሚነግርህ ስለ ከርነሉ ነው። ራስበሪ ፓይ 4 ላይ ባለ 32 ቢቱን ሲስተም ብትጭንም አዲሶቹ ስሪቶች የሚያስነሱት ባለ 64 ቢቱን ከርነል ነው። ከላይ ያሉት ፕሮግራሞች ግን 32 እንደሆኑ ይቀራሉ። “ጌትኮንፍ” ብለህ “ሎንግ ቢት”ን ጠይቀው። 32 ካለህ ነገሩ አለቀ። ይቺ ነገር ብዙ ሰው አሳስታለች፣ አንተ ጋ ብቻ አይደለም የመጣችው።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ባለ 64 ቢቱን ሲስተም ጭነህ መገላገል ትችላለህ። ግን እሱ ማስታገሻ ነው። ነገ ሌላ አሮጌ ማሽን ላይ ስትጭነው ይመለስብሃል። ደህናው መንገድ በሁለቱ መሃል በሚያልፍ ስትራክት ውስጥ ሎንግ፣ ሳይዝ ቲ እና ፖይንተር ጨርሶ አለማስገባት ነው። ስፋታቸው በስማቸው ላይ የተጻፈውን ዩ64፣ ዩ32፣ ዩ16 ተጠቀም።

እሱም ብቻውን አይበቃም። ባለ 32 ቢት አርም ዩ64ን እንደ ኢቢፒኤፍ በ8 ያሰልፋል። ባለ 32 ቢት ኢንቴል ግን ስትራክት ውስጥ በ4 ነው የሚያሰልፈው። ያቺ ባለ 4 ባይት ክፍተት እዚያ አትኖርም፣ ዩ64 ብትለውም ይንሸራተታል። ስለዚህ ትልቁን አስቀድም። ርዝመት በዩ64 ከ0፣ አድራሻ ከ8፣ የኢንተርፌስ ቁጥር ከ12፣ ፖርት ከ16። የቀረውን 6 ባይት “ባዶ” ብለህ ስም ስጠውና በ0 ሙላው። 24 ይሆናል፣ የትም ብትወስደው 24። በሁለቱም ወገን በስታቲክ አሰርት “መጠኑ 24 ካልሆነ አትኮምፓይል” በለው። ሪንግ በፈሩ መልእክቱን ሲያቀብልህ መጠኑንም አብሮ ይሰጥሃል። ከስትራክትህ መጠን ጋር አመሳክረው። ያኔ ብታመሳክረው ኖሮ አንዱ 24፣ ሌላው 16 ብለው በመጀመሪያው ፓኬት ይጋለጡ ነበር።

ክፍተቱን በ0 መሙላት ትርፍ ሥራ አይምሰልህ። ያን ስትራክት ነገ የሃሽ ማፕ (በቁልፍ የሚፈለግ መዝገብ) ቁልፍ ካደረግኸው ከርነሉ የሚያወዳድረው ባይት በባይት ነው፣ ክፍተቱን ጨምሮ። ቆሻሻ ካለበት አንዱ ደንበኛ ሁለት ሦስት ቦታ ይመዘገብልሃል።

“ፓክድ” አድርገው የሚሉህም አይጠፉም። እኔ አልወደውም። ክፍተቱን ያጠፋል፣ ግን ቁጥሮቹ ያለ ቦታቸው ስለሚቀመጡ የኢቢፒኤፍ ኮምፓይለሩ እየቆራረጠ ባይት በባይት እንዲያነብ ይገደዳል። የሎንግንም ችግር አይነካውም፣ 8 እና 4 እንደተለያዩ ይቀራሉ።

የጓደኛህ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ግን እዚህ ቦታው አይደለም። ከርነሉና ፕሮግራምህ አንድ ማሽን ላይ እስካሉ ድረስ የባይት ቅደም ተከተላቸው አንድ ነው። ገልብጠኸው 234.5.0.0 የነበረው 0.0.5.234 ሆኖብህ ይሆናል፣ ባሰበት ያልከው እሱን ነው። በቢግ ኢንዲያን (ትልቁን ባይት አስቀድሞ) የሚመጣው ከፓኬቱ ውስጥ እንዳለ የተቀዳው ብቻ ነው፣ ማለትም አድራሻውና ፖርቱ። ፖርቱን ስታትም አንድ ጊዜ ገልብጠው። አድራሻውን አትንካው፣ የሚያትምልህ ፋንክሽን እንደመጣ ነው የሚፈልገው። ርዝመቱን አንተው ራስህ ያሰላኸው ነውና እሱም አይገለበጥ።

ነገሩን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ አሁን ባለው ስትራክት 24ቱን ባይት እንዳሉ አትማቸው። እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦

2 0 0 0 / 0 0 0 0 / 234 5 0 0 0 0 0 0 / 192 168 1 17 / 1 187 / 0 0

ኢንተርፌስ 2፣ ክፍተት፣ 1514 ባይት፣ ከ192.168.1.17፣ ወደ ፖርት 443። 1 በ256 ተባዝቶ 187 ሲጨመርበት 443 ነው። ርዝመቱ ትንሹን ባይት አስቀድሞ፣ ፖርቱ ትልቁን አስቀድሞ፣ አንድ መስመር ላይ ተሰልፈዋል። ጥቅሉን የሚጨርሰውም እዚያው መስመር ላይ ነው ያለው፣ ከአጎትህ ጋር ተነጋገሩ።

ላፕቶፕህ ላይ የኮምፓይልኸው የኢቢፒኤፍ ፋይል ፓዩ ላይ የተጫነልህ ሁለቱም ሊትል ኢንዲያን (ትንሹን ባይት አስቀዳሚ) ስለሆኑ ነው። ቢግ ኢንዲያን በሆነ የሚፕስ ራውተር ላይ ወይም በአይቢኤም ኤስ390 ላይ ግን አይሆንም፣ ለእነሱ ለየብቻ መኮምፓይል አለበት።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነኝ። የኢቢፒኤፍ ማፖቼን (ከከርነሉ ጋር የምጋራቸውን የመረጃ ማከማቻዎች) በራሴ ሲስተም ኮል፣ ከርነሉን በቀጥታ በመጠየቅ፣ ነው የምፈጥረው። 4096 ባይት ሪንግ በፈር ላፕቶፕ ላይ ይፈጠራል፣ ራስበሪ ፓይ 5 ላይ ግን “ኢንቫል” (የተሰጠው ዋጋ ልክ አይደለም) ብሎ ይመልሰኛል። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ የሪንግ በፈር መጠን የ2 ፓወር መሆን አለበት፣ በሜሞሪው ፔጅ (ሜሞሪው በሚከፋፈልበት ቁራጭ) መጠንም መካፈል አለበት። ላፕቶፕሽ ላይ ፔጁ 4096 ነው። ፓይ 5 ከራስበሪ ፓይ ሲስተሙ ጋር የሚመጣለት ከርነል ግን 16384 ይጠቀማል። ሊብቢፒኤፍ የሚባለውን የኢቢፒኤፍ ላይብረሪ ብትጠቀሚ ኖሮ አዲሶቹ ስሪቶች ዝም ብለው ያስተካክሉልሽ ነበር። 262144 አድርጊው። ፔጁ 4፣ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ቢሆን ለሦስቱም ይሆናል።

ማፑንም በራስሽ ኤምማፕ የምታደርጊው (ወደ ፕሮግራምሽ ሜሞሪ የምታመጪው) ከሆነ 4096 የሚል ቁጥር ኮድሽ ውስጥ እንዳይቀር። የአንባቢው ቦታ አንደኛው ፔጅ ላይ፣ የጸሐፊው ቦታ ሁለተኛው ላይ ነው፣ ዳታው ከዚያ በኋላ ይጀምራል። የፔጁን መጠን ከሲስተሙ ጠይቂ። የጸሐፊውን ቦታና የየመልእክቱን ርዝመት ስታነቢ በ“አኳየር”፣ የራስሽን ስትጽፊ በ“ሪሊዝ” ይሁን፣ ሁለቱም የሜሞሪ ንባብና ጽሕፈት ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቅ የሚያዙ ናቸው። ኢንቴል ይህን ብትረሺው ብዙ ጊዜ ያልፍሻል። አርም ግን የንባብን ቅደም ተከተል እንደተመቸው ያቀያይራል፣ ገና ተጽፎ ያላለቀ መልእክት ሊያስነብብሽ ይችላል። እሱም በየቀኑ አይመጣም፣ ሥራ በበዛበት ሰዓት ብቻ ነው የሚታየው። የተለየ ምክንያት ከሌለሽ ይህን ክፍል ለሊብቢፒኤፍ ተይው።