መጋዙን ከአልጋ ሥር አውጣው

ሰላም ወንድሜ። ከወልድያ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። በማኔጅመንት ተመርቀህ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልገሃል። ከአጎትህ የተማርከው የእንጨት ሥራ ግን እጅህ ላይ አለ። አሁን አጥቢያችሁ አትሮንስ እንድትሠራ ጠይቆሃል። ጎረቤትህም ቁም ሣጥን ሥራልኝ ብሎሃል። አንተ ግን «ተመርቆ አናጢ ሆነ ይሉኛል» ብለህ መጋዙንና መላጊያውን አልጋ ሥር ከተሃል። ልቤን የያዘችው የመጨረሻዋ መስመር ነች፦ «ስጦታዬ መንፈሳዊ ቢሆን፣ መስበክ ወይም መዘመር ብችል፣ እደፍር ነበር።»

ከእሷ ልጀምር። ዘጸአት 31ን ክፈት። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን ሞላበት። ለምን? ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ። ማርቆስ 6 ላይ ደግሞ የአገሩ ሰዎች ጌታን ሲንቁት «ጸራቢ» ነው ያሉት። አንተ የምትሸሸው ስም እሱ የተጠራበት ነው። ይሄን ሳስብ ሁሌም ውስጤ ይነካል። ላሊበላም እኮ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። እነዚያን 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፍሉ መሮ የያዙ እጆች ያገለገሉት በመሯቸው ነው።

ስለ መክሊቱ ምሳሌ ስትጽፍ «እኔ ባለ አንዱ ነኝ» ብለሃል። አንድ መክሊት ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? ወደ 6,000 ዲናር ነው። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የውሎ ደመወዝ ነበር። ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ድካም ማለት ነው። ያ መክሊቱን መሬት ውስጥ የቀበረው ባሪያ የተቀበለው ትንሽ አልነበረም። እሱም ቢሆን «ፈራሁ» አለ እንጂ አነሰኝ አላለም። አንተም ትሕትና ያልከው ነገር ፍርሃት ይመስለኛል። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሸፋፍኜ ልነግርህ አልፈለግኩም።

ድፍረት ብቻውን ግን አይበቃም። እዚያው ምሳሌ ላይ የተመሰገኑት «ታማኝ» ተብለው ነው። በአናጢ ቤት ታማኝነት ምን እንደሆነ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የሙያውን ስም ያጠፋው ቀብድ ተቀብሎ መጥፋት ነው። «ነገ ና» እያሉ ሰው ማመላለስ ነው። ያልደረቀ እንጨት ገጥሞ፣ በሩ ሲጣመም ስልክ አለማንሳት ነው። ባሕር ዛፉን ቀለም ቀብቶ ዋንዛ ነው ማለት ነው። ክርስትናህ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ደንበኛው ስለ እንጨት ምንም በማያውቅበት ሰዓት።

ዲግሪህም ከንቱ አይቀርም። ደብተር ግዛ። እንጨቱን፣ ኮላውን፣ ቫርኒሹን፣ የጋሪውን ሒሳብ ጻፍ። የራስህን የቀን ድካምም ጻፍ፤ ብዙ ባለሙያ እሱን ረስቶ ዋጋ ይቆርጣል። ከጎረቤትህ ጋር በጽሑፍ ተዋዋል። ቀብዱ የእንጨት መግዣ ነው፣ የቤት ኪራይ እንዳትከፍልበት። የሥራ ማስታወቂያ ማየቱንም አታቁም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ከቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መቀበል እንደሚከብድህም ጽፈሃል። ጉልበትህን ስጥ፣ ደስ ይበልህ። የእንጨቱን ዋጋ ግን ንገራቸው። በሌለህ ብር ጀምረህ መሀል ላይ ብታቆመው ለእነሱም ለአንተም ይከብዳል።

እናትህ «በሬ ሸጬ ያስተማርኩህ ለዚህ ነው?» ማለታቸው አይገርመኝም። አትከራከራቸው። ቁም ሣጥኑን ስታስረክብ ደብተሩን ይዘህ አጠገባቸው ተቀመጥና ሒሳቡን አንብብላቸው።

አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ አትሮንሱን ያዝ። ሰበካ ጉባኤው መቼ ታደርስልናለህ ሲልህ፣ ሁለት ሳምንት የሚፈጅብህ ከመሰለህ ሦስት በል። መብራት ሊጠፋብህ ይችላል።