መልስ፦ ከማስቀባትህ በፊት ፖሊሽ ሞክር

ወንድሜ፣ «ጥቁሯ ኮሮላዬ ፀሐይ ላይ ክብ ክብ ጭረት ታሳያለች፣ ካዛንቺስ ሙሉ ቀለም ትቀባ አሉኝ» ብለሃል። አትቸኩል። ጥፍርህን ጭረቱ ላይ አሳልፈው። ካልያዘህ ጉዳቱ ክሊሩ ላይ (ቀለሙን ከላይ የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ንብር ላይ) ነው፤ በፖሊሽ ይለቃል። ኮፈኑ ወይም ጣሪያው ነጣ ብሎ እየተላጠ ከሆነ ግን ፖሊሽ አያድነውም።

ክሊር አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ማይክሮን ብዙም አይበልጥም፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ስለዚህ የፖሊሽ ማሽኑን አንድ ቦታ አታቁመው፣ ጠርዝ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። መኪናዋ በደንብ ታጥባ ጥላ ውስጥ ትግባ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቦታ ላይ በለስላሳ ፖሊሽ ጀምር፤ ካልበቃ ነው ኮምፓውንድ፣ ማለትም ይበልጥ የሚፍቀው ሻካራ ፖሊሽ። ስፖንጁ ጥቁር ከያዘ ወዲያው አቁም፦ ወይ ቀለሙ ድሮውንም ክሊር የለውም፣ ወይ ክሊሩ አልቋል።

ጭረቱን የሚያመጣው በብዛት የመንገድ ዳር እጥበት ነው፤ አንድ ባልዲ፣ አሸዋ የያዘ ጨርቅ። በጣም ያናድደኛል! ከፖሊሹ በኋላ ለማጠቢያና ለማለቅለቂያ የየራሱ ባልዲ ይኑርህ።