ድምፄ አይሆንም ብላችሁ ለቀራችሁ

ልጆች፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ድሬዳዋ ውስጥ ሙዚቃ በማስተማር ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከዚራ ዛፍ ሥር ቡና ስጠጣ የሚያገኙኝ ወጣቶች ግን ዛሬም ስለ ድምፅ ይጠይቁኛል። በቅርቡ ደፈር ያሉ ጥያቄዎችም መጥተዋል። ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴትነት የሚሰማቸው፣ ወይም ሴት ተብለው ወንድነት የሚሰማቸው ልጆች አሉ። ትራንስጀንደር የሚባሉት ማለቴ ነው። መዝፈን ይወዳሉ፤ ሰው ፊት አፋቸውን መክፈት ግን ይፈራሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱና አብረዋቸው ለሚዘፍኑ ነው።

ፍርሃታቸው ይገባኛል። ልብስ ይቀየራል፣ ፀጉር ይረዝማል፤ ድምፅ ግን ያጋልጣል። ባጃጅ ውስጥ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ማለት እንኳ የሚጨንቀው ሰው አለ።

ኳየር ውስጥ፣ ማለትም አብሮ በሚዘፍን ቡድን ውስጥ፣ ይህ ጭንቀት ቀለል ይላል። አንድ ኳየር ረጅም ኖታ ሲይዝ ዘፋኞቹ በአንድ ጊዜ አይተነፍሱም። አንዱ ሲተነፍስ አጠገቡ ያለው ይይዝለታል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። አድማጩ የሚሰማው ያልተቆረጠ ድምፅ ነው። የማን ድምፅ የት እንደገባ፣ የት እንደወጣ አይለይም። እናንተ ግን ድምፃችሁ ደረታችሁ ውስጥ ሲርገበገብ ይሰማችኋል። ሌላ ቦታ የምትሸሽጉት ድምፅ እዚህ ይፈለጋል። ደስታው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ሳይቀምሱት አይገባም።

የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች የልብ ምት አብሮ ከፍ ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። ዜማው አተነፋፈሳቸውን ስለሚያገጥመው ነው። ለሐረር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሸዋል ኢድ ሌሊት ከበሮው እየተመታ፣ እንጨቱ እየተጋጨ ሕዝቡ ሲቀበል መሐል የቆመ ያውቀዋል።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ትራንሰንደንስ የሚባል የጎስፔል (የመንፈሳዊ መዝሙር) ኳየር ተቋቁሞ ነበር። ዘማሪዎቹ ትራንስጀንደር ነበሩ። ጎስፔል መምረጣቸውን እወደዋለሁ፤ እምነታቸውንም ዜማቸውንም ጥለው አልሄዱም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ኳየር አቋቁሙ አልላችሁም፤ ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። አራት አምስት የምትተማመኑባቸው ጓደኞች ይበቃሉ።

ኳየር የምትመሩ ልጆች ደግሞ ይህን ስሙኝ። ከፍ ያሉትን ድምፆች፣ ሶፕራኖና አልቶን፣ የሴት፣ ዝቅ ያሉትን፣ ቴኖርና ባስን፣ የወንድ ማለት ልማድ ነው። ሰውን በሚደርስበት ኖታ መድቡት። «ሴቶች ወደዚህ፣ ወንዶች ወደዚያ» አትበሉ። «ከፍ ያለ ድምፅ እዚህ፣ ዝቅ ያለ እዚያ» በሉ። ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ቴኖር ብትዘፍን ማን ይጎዳል? አቦ፣ እኔ ቴኖር እንዳጠረኝ ነው ጡረታ የወጣሁት!

ስለ ሆርሞንም ብዙ ወሬ ስለሚነዛ ልናገር። የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስትሮን በመድኃኒት መልክ ሲወሰድ የድምፅ አውታሮችን ያወፍራል፤ ድምፅም ይጎረንናል። መድኃኒቱ ቢቆምም ድምፁ ወደ ድሮው አይመለስም። የሴት ሆርሞን የሚባለው ኤስትሮጅን ግን አንዴ የጎረነነን ድምፅ አያቀጥንም። ስለዚህ ብዙ ትራንስ ሴቶች ድምፃቸውን የሚለውጡት በልምምድ ነው። በቴስቶስትሮን በሚለወጥበት ወቅት ድምፅ እንደ ጎረምሳ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ቀስ ብላችሁ ዝፈኑ፤ የማይደርሰውን ኖታ እለፉት። ሴት ለመምሰል ብላችሁ ጉሮሯችሁን አንቃችሁ ከፍ አታድርጉ። ከፍ ካለባችሁ ዘፈኑን ዝቅ ባለ ኪይ፣ ማለትም ዝቅ ካለ መነሻ ድምፅ፣ ጀምሩት። ካመማችሁ አቁሙ።

ስልክ አታውጡ። የጓደኛን ድምፅ ቀድቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ቀልድ አይደለም። እኛ አገር የሰው ምስጢር ሲወጣ ምን እንደሚከተል አይጠፋችሁም። ልምምዱን ለማስታወስ ቀረጻ ካስፈለገ የሁሉንም ፈቃድ ጠይቁ፤ አንድ ሰው እምቢ ካለ ይቅር። እያንዳንዱን ሰው ደግሞ በመረጠው ስም ጥሩት፤ ውጭ፣ ሰው ፊት በምን ስም እንደሚጠራ ግን እሱን ጠይቁት።

መጀመሪያ ቀን ከባድ ነገር አትምረጡ። ሁላችሁም የምታውቁትን የሠርግ ዘፈን አንሱ። አውጪና ተቀባይ ስላለው ዓይን አፋሩ በመቀበል ይጀምራል፤ እጁንም የሚያስገባበት ጭብጨባ አለው። ሞቅ ሲል አውጪነቱን በየተራ ተቀባበሉት፤ ያልፈለገ አይገደድ።