ዘጠኝ ዓመት ዳኛ ነበርኩ፤ አንዲት ተማሪ አፌን አስያዘችኝ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ዳኛ ነበርኩ። አብዛኛው ጊዜዬ ያለፈው በወንጀል ችሎት ነው፤ ጊዜ ቀጠሮ፣ ዋስትና፣ ስርቆት፣ ድብደባ። ካባዬን ካወለቅኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ተጣልቼ አይደለም የወጣሁት፤ የመዝገቡ ብዛት አታከተኝ። አሁን ማታ ማታ ሕገ መንግሥት አስተምራለሁ። ለሦስተኛ ዲግሪም ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዳኛ ሳሉ በሕገ መንግሥቱ ወስነው ያውቃሉ?» አለችኝ። ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። «የኛ አገር ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥት አይተረጉምም፤ ሥልጣኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። መልሱ ትክክል ነው። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጥናቴን በጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ላይ ልሠራ አስቤ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ «ዶክተር ተብለህ ምን ልትሆን? የጥብቅና ፈቃድህን አውጥተህ ቢሮ ክፈት» ትለኛለች። ያልሠራሁበትን ነገር ማስተማር ማጭበርበር አይሆንብኝም?

ጠመኔው እጁ ላይ የቀረው፣ ከአዲስ አበባ

*

ወንድሜ፣

መልሴ ትክክል ነው ብለዋል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበልዎት። አንቀጽ 62 እና 83 ትርጉሙን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥተዋል፤ እሺ። አንቀጽ 13ስ? በየትኛውም ደረጃ ያለ የዳኝነት አካል በምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት ይላል።

እስኪ ወደ ጊዜ ቀጠሮ ችሎትዎ ልመልስዎ። መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይዞ ቀርቧል። መጀመሪያ የሚጠይቁት ምንድን ነው? «መቼ ተያዘ?» ከዚያ በሆድዎ ሰዓት ይቆጥራሉ። የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት ሊቀርብበት የሚገባው ያ 48 ሰዓት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ተጽፏል። ዋስትናው ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አለ ይሉኝ ይሆናል። አለ! ነገሩም እዚያ ላይ ነው። ብይንዎ ላይ የጻፉት የትኛውን ቁጥር ነው? ልገምት፤ የአሮጌውን። ሕገ መንግሥቱ ችሎትዎ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ሳለ ስሙን አልጠሩትም።

ለምን? ጥናትዎ እሱ ነው። ጀርመንን ለጀርመኖች ይተዉላቸው፤ ስለዚያ ፍርድ ቤት የሚጽፍ አይጠፋም። አንድ የአዲስ አበባ ዳኛ ብይን ሲጽፍ ለምን የንጉሡን ዘመን ሕግ መርጦ ሕገ መንግሥቱን እንደሚዘል የሚያውቅ ግን ያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ፍርሃት ነው? ልማድ? ወይስ ከሰዓት በፊት ማለቅ ያለበት የመዝገብ ክምር?

ሌላም አለ። ዳኛ የትርጉም ጥያቄ ሲገጥመው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መላክ ይችላል። 11 አባላት ያሉት ጉባኤ ነው፤ የሚመራውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። በግንቦት 2012 የምርጫው መራዘም ጉዳይ ሲቀርብ የሕግ ምሁራኑ ሲከራከሩ በቴሌቪዥን አይተናል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። እሳቸውም በወጣትነታቸው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም የኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። እርስዎስ ወደዚያ ጉባኤ ስንት መዝገብ ላኩ? መላክ ሲገባዎት ያለፉት አለ? ካለ ምዕራፍ ሁለት ይሁን። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሁሉም በፊት የማነበው እሱን ነው። የባለጉዳዮቹን ስም ብቻ ይሰውሩልን።

ማጭበርበር የሚሆነው ይህን ሁሉ ደብቀው ከመጽሐፍ ብቻ ሲያስተምሩ ነው።

ባለቤትዎ ስለ ገንዘቡ አልተሳሳቱም። ቢሮውን ይክፈቱ፤ ጥናቱ በዚያ አይሞትም። እንዲያውም ጠበቃ ሆነው ሲቆሙ ሌላ ዳኛ አንቀጽ 19ን ሲዘል ከወዲህ ወገን ያዩታል። ማመልከቻዎ ላይ አንቀጹን በስሙ ጠርተው ይጻፉና ዳኛው ምን እንደሚያደርግ ማስታወሻ ይያዙ።

ተማሪዋን ግን አያስጠብቋት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «አዎ፣ ወስኛለሁ፤ ግን ስሙን ሳልጠራ» ይበሏት።