«ኖ አይ ዴሬቾ!» አለችኝ፤ ተሰደብኩ ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ስፓኒሽ በራሴ ነው የለመድኩት፣ ግማሹን ከስልክ፣ ግማሹን ከቱሪስት። ሰሞኑን ከስፔን የመጡ ባልና ሚስት ይዤ በጀልባ ጣና ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሄድን። ሴት እንደማይገባ ገና ሳንነሳ ነግሬያቸው ነበር። ግን ባልየው ወርዶ እሷ ጀልባው ላይ ስትቀር ፊቷ ተለዋወጠ፣ እጇን እያወናጨፈች «ኖ አይ ዴሬቾ! ፔሮ ቡዌኖ! ኤስቶ ኤስ ኤል ኮልሞ!» እያለች ጮኸችብኝ። ዝም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ዋለ። ማታ ደግሞ እየሳቀች ቲፕ ሰጥታኝ፣ አቅፋኝ ሄደች። ሰድባኝ ነበር? እኔስ ሲበዛብኝ ምን ልበል?
አስጎብኚው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልሰደበችህም። ቅሬታህ ይገባኛል፣ ሰው ፊት መጮህ እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የተናገረችውን አንድ በአንድ እንየው።

«ኖ አይ ዴሬቾ» ቃሉ «መብት የለም» ይመስላል፣ ስሜቱ ግን የኛው «ኧረ በሕግ አምላክ!» ነው። «ፔሮ ቡዌኖ» ለየብቻው «ግን» እና «ጥሩ» ነው፤ አንድ ላይ በዚያ ድምፅ ሲወጣ «ኧረ ምን ጉድ ነው!» ይሆናል። «ኤስቶ ኤስ ኤል ኮልሞ» ደግሞ «ይሄስ ባሰ!» ነው። ልብ በል፣ በሦስቱም ውስጥ «አንተ» የለም። የተናደደችው በነገሩ ነው።

ይህን መለየት ከቻልክ ግማሹ ሐሳብህ ይቀልልሃል። ስፔኖች ስለ ሁኔታ ሲናደዱ ጮክ ብለው ያወጡታል፣ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ያልቃል፤ እኛ ደግሞ ስንናደድ ዝም እንላለን፣ እናኮርፋለን፣ ኩርፊያውም ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ አንተ በጨዋነት ዝም ስትል እሷ «ይሄ ሰውዬ ደንታ የለውም» ብላ ልትረዳው ትችላለች። ማታ የሳቀችው አስመስላ አይደለም፣ ንዴቷ ስለወጣላት ነው።

ወዳንተ ሲዞር ግን ቃሉ ራሱ ይነግርሃል። «ኤሬስ» ማለት «ነህ» ነው፣ «ቲየኔስ» ማለት «አለህ» ነው። «ኬ ካራ ቲየኔስ!» ካሉህ «ምን ያለህ ዓይን አውጣ ነህ!» ማለታቸው ነው። «ሜ ኤስታስ ቶማንዶ ኤል ፔሎ?» ካሉህ ደግሞ «ታሾፍብኛለህ እንዴ?» እያሉህ ነው። እዚህ ላይ ንቃ፣ ምክንያቱም እንደተታለሉ ጠርጥረዋል።

ባሕር ዳር ይህ የሚመጣው በአብዛኛው ጢስ ዓባይ ላይ ነው። ሰውየው ፎቶ ላይ ያየው የክረምቱን ፏፏቴ ነው፣ የመጣው ደግሞ በመጋቢት። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል፣ በተለይ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በፈረንጆቹ 2010 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በበጋ የሚወርደው በጣም ቀንሷል። ገደሉ ጋ ደርሶ ቀጭን ጅረት ሲያይ «ባያ ቲሞ!» ይላል፣ «ምን ዓይነት ማጭበርበር ነው!» ማለት ነው። ይህ ንዴት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ካልሆነ ሞልቶ እንደማይገኝ ገንዘብ ከመቀበልህ በፊት ንገራቸው።

ክብራን ላይ ምን ልትላት ትችል ነበር? «ሎ ኤንቲየንዶ» በላት፣ «ይገባኛል» ነው። ወይም በአክብሮት «ኮምፕሬንዶ ኬ ሌ ሞሌስቴ»፣ «ቅር እንደሚልዎ ይገባኛል»። ቀጥለህ የገዳም ሥርዓት መሆኑን አስረዳት፣ ግሪክ አገር የአቶስ ተራራ ገዳማትም ሴት እንደማይገባባቸው ጨምርላት። ከዚያ ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እንደምታይ ንገራት፣ እዚያ ሥዕሉን ጠግባ ታያለች። ስፔናዊ ከሆኑ ደግሞ የካቶሊክ ሚስዮናዊውን የፔድሮ ፓኤዝን ታሪክ አንሳላቸው። በ1564 ማድሪድ አቅራቢያ ተወልዶ፣ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ በ1618 ግሽ ዓባይ ምንጩ ድረስ ሄዶ፣ በ1622 እዚሁ ጣና ዳር ጎርጎራ ያረፈ የአገራቸው ሰው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙዎቹ አያውቁትም፣ ሲሰሙ ወሬው ወዲያው ይቀየራል።

አሁን ወዳንተ ንዴት። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆንህ ይጠቅምሃል። እኛ «ያናድደኛል» ስንል ነገሩ ነው አናዳጁ፣ «እኔ» ቅጥያ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስፓኒሽም እንደዚያው ነው። «ሜ ሞሌስታ» ቅር ይለኛል፣ ይረብሸኛል ነው፤ ለሥራ ይሄ ይበቃሃል። «ሜ ፋስቲዲያ» ትንሽ ይጨምራል። «ሜ ዳ ራቢያ» ሲሆን ደምህ ፈልቷል፣ «ራቢያ» ያበደ ውሻ በሽታም ስሙ ነው። «ሜ ሳካ ዴ ኪስዮ» ደግሞ ከማጠፊያዬ ይነቅለኛል ነው፣ የበር ማጠፊያ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ለጓደኛ አስቀምጣቸው።

ሲያንገሸግሽህ «ኤስቶይ አርቶ» ትላለህ፣ ሴት ከሆነች «አርታ»። ሲጻፍ ፊቱ ላይ ያለችው ፊደል አትነበብም፣ «ሃርቶ» እንዳትል። እኛ እጃችንን ጉሮሯችን ላይ አድርገን «እዚህ ደርሶብኛል» እንላለን፣ እነሱ አናታቸው ላይ ያደርሱትና «ኤስቶይ አስታ ላ ኮሮኒያ» ይላሉ።

አንድ የሰዋስው ነገር ብቻ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ይሰናከላል። «ሜ ሞሌስታ ኬ...» ካልክ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ መልኩን ይቀይራል። ጠዋት ጀልባው ጋ ሰዓት አሳልፈው ለሚመጡ እንግዶችህ «ሜ ሞሌስታ ኬ ዬጌን ታርዴ» (አርፍዳችሁ ስትመጡ ቅር ይለኛል) በላቸው እንጂ «ዬጋን» አይደለም። ምክንያቱንም አስከትል፦ «ፖርኬ ፖር ላ ታርዴ አይ ቢየንቶ»፣ ከሰዓት ነፋስ አለ። ከሰዓት በኋላ ጣና ሲናወጥ ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ፣ እነሱ አያውቁም። ምክንያት የተነገረው ሰው ቅሬታህን እንደ ስድብ አይወስደውም።

ጥያቄ፦ ሆቴል ሪሴፕሽን ነው የምሠራው። ሙቅ ውሃ ተቋርጦ አንድ ወጣት ስፔናዊ መጥቶ «ኦዬ፣ ያ ኤስታ ቢየን!» አለኝ። «ቢየን» ጥሩ መሆኑን ስለማውቅ ውሃው የመጣለት መስሎኝ ፈገግ ብዬ «ግራሲያስ» አልኩት። ጭራሽ ባሰበት። በዚያ ላይ እንደ እኩያው «ኦዬ» ማለቱ አናደደኝ።
እህታችሁ፣ ከቀበሌ 13

መልስ፦ እህቴ፣ «ያ ኤስታ ቢየን» በለሰለሰ ድምፅ «አሁን ተስተካክሏል» ሊሆን ይችላል፤ በቁጣ ሲሆን ግን «በቃ! በዛ እኮ!» ነው። ድምፁን ነው መስማት ያለብሽ። «ኦዬ» «ስሚ» ማለት ነው፤ በሱ ግን አትቀየሚው። ስፔን ውስጥ ወጣት ሰው የማያውቀውንም «ቱ» (አንተ፣ አንቺ) እያለ ነው የሚያናግረው፣ እዚህ ያልታወቀች ሴት «አንቺ» እንደማለት አይከብድም። እንዲያውም «ቱ» ሲልሽ የነበረ ስፔናዊ ድንገት «ኡስቴድ» (እርስዎ) ማለት ከጀመረ ነው መጠንቀቅ፤ አክብሮት ሳይሆን መራቅ ሊሆን ይችላል።

አንቺ ግን ሥራ ላይ ስለሆንሽ ሁልጊዜ «ኡስቴድ» ላይ ቆዪ። «ዲስኩልፔ» ይቅርታ ነው፣ «ቲየኔ ራሶን» እውነትዎን ነው። ውሃው መቼ እንደሚመጣ ካወቅሽ ሰዓቱን ንገሪው፣ ከይቅርታ ሁሉ ሰዓቱ ይበልጣል። «ኪሲየራ ፖኔር ኡና ሬክላማስዮን» ካለሽ ቅሬታ በጽሑፍ ማስገባት ይፈልጋል። አገሩ ሆቴልና ሬስቶራንት ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ ስላለ ለሱ የተለመደ ነገር ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪው፣ ኃላፊሽን ጥሪ።

ከጮኸብሽ ደግሞ የመታገሥ ግዴታ የለብሽም። ረጋ ብለሽ «ኖ ሜ ግሪቴ፣ ፖር ፋቦር» በይው፣ «እባክዎ አይጩኹብኝ»። ጨዋ አነጋገር ነው፣ ግን መስመሩን ያሰምርለታል። «ባስታ ያ!» («በቃ!») ለባለጌ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ላሊጋ እና የሜክሲኮ ድራማ እያየሁ ነው ስፓኒሽ የምማረው። «ኾዴር» እና «ኦስቲያ» ሁሌ እሰማለሁ፣ ልጠቀምባቸው?
ተማሪ

መልስ፦ ተዋቸው። «ኾዴር» ብልግና ነው፣ ስፔን ውስጥ በየመንገዱ ብትሰማውም። «ኦስቲያ» ደግሞ የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ስም ነው። እነሱ በንዴት ይሉታል፣ እኔ ግን በየደሴቱ ገዳም ያለበት ሐይቅ ዳር ቆሞ ከአማኝ አፍ ሲወጣ መስማት አልፈልግም። ስፔኖቹ ራሳቸው ልጆች ፊት ሲሆኑ ቃሉን ጠምዘዝ አድርገው «ኦስትራስ» ይላሉ፣ «ኾዴር»ንም «ኾሊን» ያደርጉታል። እነዚህን ያዝ።

ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ ንዴቱም አገር አገር አለው። ለ«ተናድጃለሁ» ሜክሲኮ «ኤስቶይ ኤኖኻዶ» ይላል፣ ስፔን «ኤስቶይ ኤንፋዳዶ»። ሜክሲኮዎች «ሜ ዳ ኮራኼ» ካሉ ንዴት ነው፣ «ኮራኼ» ግን ድፍረት ማለትም ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ስማ። አርጀንቲናዊ ካጋጠመህ «ኬ ብሮንካ!» ይልሃል። ሁሉም ዘንድ የሚሠራ ከፈለግህ «ኬ ራቢያ!» ይበቃሃል፣ ቡድንህ በመጨረሻው ደቂቃ ጎል ሲገባበትም እሱኑ በል።